የማዳሜ ልብ በእኔ እጅ

አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይህ ነገር ሊጻፍ የሚገባው አልነበረም። ሁለት የተከበሩ ሴቶችን፣ አንድ የልብ ሐኪምን፣ አንድ የጸሎት ቤትንና በጠቅላላው የስፖርቱን ዓለም የሚያሳፍር ጉዳይ ስለሆነ ከእኔ ጋር እንዲቀበር ወስኜ ነበር። ሆኖም በጤና ጉዳይ ዝም አይባልም ይላሉ። እኔም ነገሩ የጤና ይሁን የማጭበርበር፣ የስፖርት ይሁን የቤት ሥራ እስከ ዛሬ አልለየልኝምና ከእናንተ መካከል የሚገባው ሰው ቢገኝ ብዬ፣ በሚገባው ኀዘን ሁሉ፣ ብዕሬን አንስቻለሁ። ካልገባችሁ አትጨነቁ። እኔም እዚያው ነኝ።

ቴኒስ ለጤና ጥሩ ነው። ይህን የሚክድ የለም። ልብን ያጠነክራል፣ የደም ግፊትን ያወርዳል፣ ስኳርን ያስተካክላል፣ አጥንት እንዳይሳሳ ይጠብቃል፣ እንቅልፍ ያመጣል፤ ኳሷ አሁን በየት በኩል ልትመጣ ነው እያሉ ሲጨነቁ ደግሞ አእምሮ ሳይወድ በግዱ ይሠራል። ይህን ሁሉ የነገረን የማዳሜ የልብ ሐኪም ነው። ማዳሜ ተቀምጣ ሰማች፤ እኔ ቦርሳዋን ይዤ ከኋላዋ ቆሜ ሰማሁ። ያንኑ ንግግር በአራት ጆሮ ሰምተን ወጣን። ሐኪሙ ግን አንድ ነገር ሳይነግረን ቀርቷል። ጥቅሙ የማን እንደሆነ አልተናገረም። «ይቺ ሴት ምን ትላለች፣ የሚጫወተው ነዋ!» ትሉኝ ይሆናል። እኔም ያኔ እንደ እናንተ ነበርኩ።

ማዳሜን ላስተዋውቃችሁ። ማዳም ኖሃ ትባላለች። ስልሳ ስምንት ዓመቷ ነው፣ ባሏ ሞቷል፣ ድሮ የፈረንሳይኛ መምህርት ነበረች፤ አሁንም ተማሪ ያጣች መምህርት ስለሆነች የምታርመው እኔን ነው። ራስ ቤሩት ውስጥ ስድስተኛ ፎቅ ላይ እንኖራለን። «እንኖራለን» ማለቴን ልብ በሉልኝ፤ ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፣ የባሏን መድኃኒት ያጠጣሁትም፣ በቀብሩ ዕለት ወንበር ያዘረጋሁትም እኔ ነኝ። ስሜ በላይነሽ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ስሜ ስለረዘመባት ቤላ አለችኝ፤ ስሜ ሲያጥር ደግሞ ፈረንጅ ሆንኩ።

በቤታችን የሥራ ክፍፍሉ የታወቀ ነው። ማዳሜ ታዘዘች ማለት እኔ ታዘዝኩ ማለት ነው። ሐኪሙ «ጨው ቀንሺ» ሲላት ከድስቱ ላይ ጨው የቀነስኩት እኔ ነኝ። «ውሃ በብዛት ጠጪ» ሲላት የውሃውን ካርቶን ከሱቅ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። «ደረጃ መውጣት ይጠቅምሻል» ሲላት የሰፈሩ ጀነሬተር በጠፋና አሳንሰሩ በቆመ ቁጥር ስድስቱን ፎቅ ወጥቼ የወረድኩት ያው እኔው ነኝ። ማዳሜም በዚህ አሠራር ሁልጊዜ ይሻላታል። እንግዲህ ሐኪሙ «ቴኒስ ተጫወቺ» ሲላት ማን እንዲጫወት ትጠብቃላችሁ?

ነገሩን ያባባሰችው ሪማ ናት። ሪማ የማዳሜ አንድ ልጅ ናት፤ ሞንትሪያል ትኖራለች፣ ቢሮ ትሠራለች፣ እናቷን በስልክ ታስታምማለች። የሐኪሙን ወረቀት ፎቶ አንስተን በላክንላት በሳምንቱ አንድ ሰዓት መጣ። እጅ ላይ የሚታሰር፣ የራሱ የስልክ መስመር ያለው፣ የልብ ምት የሚቆጥር፣ ርምጃ የሚቆጥር፣ እንቅልፍ የሚቆጥር፣ የት እንዳላችሁ ደግሞ ለሪማ ስልክ የሚያሳብቅ ሰዓት። አብሮት አንድ ማስጠንቀቂያም መጣ።

«ማማ፣ ሦስት ወር ነው የምሰጥሽ» አለች ሪማ። «በሦስት ወር ውስጥ ካልተንቀሳቀስሽ፣ ልብሽ ካልተሻለው፣ ኸላስ፣ አበቃ፤ ቤቱን ዘግቼ ወደዚህ ነው የማመጣሽ።»

ማዳሜ ስልኩን ዘጋች፣ እኔም ያጠብኩትን ሳህን እንደገና አጠብኩት። የዚያ ቤት መዘጋት ለእሷ አውሮፕላን ነው፤ ለእኔ ግን ሌላ ነው። ኢቃማዬ፣ ያኒ የመኖሪያ ፈቃዴ፣ የተንጠለጠለው በማዳሜ ስም ላይ ነው። እሷ ከሄደች ወይ የማላውቀው ሰው ቤት ገብቼ ከሀ እጀምራለሁ፣ ወይ ሻንጣዬን ከቁም ሳጥን ላይ አወርዳለሁ። ስለዚህ የማዳሜ ልብ መምታት አለመምታት የሐኪሙ ብቻ ጉዳይ እንዳልሆነ ያዙልኝ።

ቴኒስ ሜዳው ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ያለ ክበብ ውስጥ ነው። የመጀመሪያው ቀን ማዳሜ ነጭ ኮፍያ፣ ነጭ ጫማ፣ ነጭ ቀሚስ አድርጋ ሰዓቱን አስራ ወጣች፤ ለቁርባን የምትሄድ ነበር የምትመስለው። አራት ኳስ መታች። አንዷ መረቡን ነካች፣ ሁለቱ መሬቱን ነኩ፣ አራተኛዋን አየሩ ወሰዳት። ከዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች፣ ሰዓቱን ፈታች፣ ወደ እኔ ዘረጋችው።

«ያላ ቤላ፣ ጀምሪ።»

ጨው ቀንሺ ባለችኝ ድምፅ ነበር ያለችው። ስለዚህ ሰዓቱን አሰርኩት። ራኬቱን አንስቼ ወደ ሜዳው ከመግባቴ የክበቡ ጸሐፊ እየሮጠ መጣ።

«ማዳም፣ ይቅርታ፣ ሠራተኞች መኪና ማቆሚያው ጋ ነው የሚቀመጡት። ሜዳ አይገቡም። ሕግ ነው።»

«ሠራተኛ የት አየህ?» አለች ማዳሜ። «አሰልጣኜ ናት።»

«እሷ?»

«ከኢትዮጵያ ናት።»

ሰውዬው ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። በዚህ አገር ስለ ኢትዮጵያውያን ሁለት ነገር ይታወቃል፤ ቤት ማጽዳታችንና መሮጣችን። አጭር ነኝ፣ ሞላ ያልኩ ነኝ፣ በሕይወቴ የሮጥኩት መርካቶ ታክሲ ለመሻማት ብቻ ነው፤ ነገር ግን የሰውዬው ዓይን በስንጥቅ ተረከዜ ላይ ትንሽ ቆየና በአክብሮት ተመለሰ።

«የሚሮጡት አገር?»

«እሷው ራሷ» አለች ማዳሜ።

በዚህ ሁኔታ ስፖርተኛ ሆንኩ። ሜዳው ጫፍ ላይ የመለማመጃ ግድግዳ አለ፤ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ጠዋት ጠዋት፣ ከግድግዳው ጋር ተጋጠምን። ግድግዳ ክፉ ተጋጣሚ ነው። አይደክመውም፣ ውሃ አይጠማውም፣ የላክሽለትን ሁሉ ሳያስተርፍ ይመልስልሻል። ማዳሜ ጥላው ሥር ሎሚናዳዋን ይዛ ትከታተላለች። ክትትሏ ግን የዋዛ አልነበረም።

«ቤላ! ልቤ ስንት ደረሰ?»

«መቶ አርባ ሁለት፣ ማዳም!»

«ሐራም! ልትገዪኝ ነው እንዴ? ቁጭ በዪ፣ ትንሽ ልረፍ!»

እኔ እቀመጣለሁ፣ እሷ ታርፋለች። ልቧ ከእኔ ጋር ወደ ዘጠና ሲወርድ «አሁን ለቀቅ አለኝ፣ ቀጥዪ» ትለኛለች። መጀመሪያ አካባቢ ልስቅ ይቃጣኝ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት መሳቁን ተውኩት፤ ምክንያቱም ስደክም የምትገረጣው እሷ ነበረች።

ኳሶቼ ደግሞ እዚያና እዚህ ይበተናሉ። ሄጄ እስክለቅም ድረስ ቁጥሩ ስለሚወርድ ማዳሜ አላስችል አላት። ሎሚናዳዋን አስቀምጣ ኳሷን ራሷ ታመጣልኝ ጀመር። አንድ፣ ሁለት፣ ከዚያ ሁሉንም። ነጭ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ አጥር ሥር እያጎነበሰች፣ እየተሳደበች፣ «እንዴት ነው የምትመቺው አንቺ፣ ዓይን የለሽም?» እያለች ትለቅማለች። አሥራ አንድ ዓመት ወለል ላይ የወደቀ ማንኪያ አንስታ የማታውቅ ሴት ናት። ግን ማንኪያው ለልቧ አይጠቅማትም ነበር፤ ኳሱ ይጠቅማታል።

ሰዓቱ ማታም ከእጄ አይወርድም፤ ማዳሜን ያሳክካታል። ሪማ በምስል ስትደውል ብቻ ከኩሽና ሮጬ እጇ ላይ አስርላትና ዘወር እላለሁ። የቀረው የእኔ ነው። መሥራቱም፣ መተኛቱም። ትልቁ መደናገር የመጣውም በዚሁ በመተኛቱ በኩል ነው።

አንድ ጠዋት ሪማ ደወለች።

«ማማ፣ ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጪ ነው ያደርሽው። ምን አስጨንቆሽ ነው?»

ማዳሜ ወደ እኔ ዞረች። «ቤላ፣ ምን አስጨንቆኝ ነው?» አለችኝ በሹክሹክታ።

«ልጄን አሞብኝ» አልኳት እኔም በሹክሹክታ። እውነቴን ነበር፤ አዲስ አበባ እህቴ ዘንድ ያለችው ልጄ ቤዛ ትኩሳት ይዟት ነበር።

ማዳሜ ወደ ስልኩ ተመለሰች። «ልጄን አሞብኝ ነው» አለች።

«እኔን? እኔ ደህና ነኝ እኮ፣ ማማ!» አለች ሪማ ግራ ተጋብታ።

ማዳሜ «ደህና ከሆንሽ ጥሩ» ብላ ስልኩን ዘጋች። በኋላ ማዳሜ ከመድኃኒት ሳጥኗ የትኩሳት መድኃኒት አውጥታ ይህን ለልጅሽ ላኪላት አለችኝ፤ አዲስ አበባም ፋርማሲ አለ ብዬ ልከራከር አልደፈርኩም። ቤዛ በማግስቱ ተሻላት። እኔ ግን አንድ ነገር ሲያብሰለስለኝ ከረመ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ «እንዴት አደርሽ?» ብሎ መልሱን ቆሞ የጠበቀ ሰው አልነበረኝም። አሁን በየጠዋቱ ከሞንትሪያል ድረስ ስለ እንቅልፌ ይጠየቃል። የተሳሳተው አድራሻው ብቻ ነው።

ግራ መጋባቴን ይዤ ለሮማን ነገርኳት። ሮማን ዶራ በሚባለው ሰፈር ጸጉር ቤት አላት። እሷም ድሮ እንደ እኔ ሰው ቤት ነበረች፤ አሁን በእጇ መቀስ ስላለ ማንም አይናገራትም። ራሴን እየሠራችኝ አስቆመችኝ።

«ቆይ ቆይ፣ በልዬ። የምትሮጪው አንቺ?»

«እኔ።»

«ላቡ የማን ነው?»

«የእኔ።»

«ጤናው ግን የማዳምሽ።»

«ስልኩ ላይ እንደዚያ ነው የሚለው።»

«ይሄ ቀሚስሽ የሰፋውስ በማን ሂሳብ ነው?»

መስታወቱ ውስጥ ራሴን አየሁ። እውነትም ቀሚሴ ሰፍቷል። ፊቴም ቀለል ብሏል። ግን ሪማ በየሳምንቱ እናቷን «እንዴት አማረብሽ!» ስትላት እየሰማሁ ስለከረምኩ ቀሚሱ ቢሰፋም ለእኔ አልመሰለኝም ነበር።

«አንቺ ሴትዮ» አለች ሮማን ማበጠሪያዋን ጸጉሬ ላይ ሰክታ፣ «ላንቺ ጸሎት ነው የሚያስፈልግሽ።»

ጸሎቱ ነው እንግዲህ ጉዱን ያፈላው።

እሁድ የዕረፍት ቀኔ ነው። እሁድ እሁድ ሰዓቱን ፈትቼ ማዳሜ አልጋ አጠገብ ቻርጅ ላይ እሰካዋለሁ፤ ለሪማም «ማማ እሁድ ታርፋለች» ተብሎ ተነግሯታል። የዚያን እሁድ መብራት ጠፍቶ ስለነበር ቻርጅ ማድረጉን ለኋላ አልኩ፣ ከዚያ ረሳሁት፣ ከዚያ ቫን ተሳፈርኩ። ዶራ ከሱቅ በላይ በተከራየነው አዳራሽ ከምሳ በኋላ እንሰበሰባለን። የእኛ አምልኮ ተቀምጠው የሚታደሙት ዓይነት አይደለም፤ ይዘለላል። ሳምንቱን ሙሉ በሰው ቤት በእግር ጣት የሄደ ሰው እሁድ በሙሉ እግሩ ይረግጣል። እኔ ደግሞ ሦስት ወር ከግድግዳ ጋር ስለተጋጠምኩ ትንፋሼ ለጉድ ሆኗል፤ ሌሎቹ ሲቀመጡ እኔ ገና መሟሟቄ ነበር። ሁለት ሰዓት ሙሉ ዘለልኩ። ስለ ማዳሜ ልብ አጥብቄ ጸለይኩ። ልቧ እጄ ላይ መሆኑን ግን ረስቼዋለሁ።

ውሃ ልጠጣ ወጣ ስል ስልኬን አየሁ። አሥራ ስምንት ጥሪ፣ ሁሉም ከሞንትሪያል። አሥራ ዘጠነኛው በእጄ ላይ ጮኸ።

«ቤላ! ማማ የት ናት?»

«ቤት ናት፣ ማዳም ሪማ። ተኝታ ነው የወጣሁት።»

«ቤት አይደለችም! ዶራ ናት! ሁለት ሰዓት ሙሉ ልቧ መቶ ስድሳ ላይ ነው! ስልኳን አታነሳም! ማነው የወሰዳት? ዶራ ምን ትሠራለች?»

በዚህ ጊዜ ከኋላዬ በሩ ተከፈተና የጉባኤው ድምፅ ወጣ።

«ምንድነው የምሰማው ጩኸት?» አለች ሪማ።

«ጸሎት ነው።»

«ለማን ነው የሚጸለየው?»

በጸሎት ቤት ደጅ ውሸት አይነገርም። «ለእናትሽ» አልኳት።

የጮኸችውን ጩኸት ልጽፈው አልችልም። «ሞታለች በይኛ!» አለች። እኔም አእምሮዬ እንደ ኳስ ወዲያና ወዲህ እያለ፣ «አልሞተችም ማዳም ሪማ፣ ደህና ናት፣ እጄ ላይ ናት!» አልኳት። ይህ እንዴት እንደተሰማት በኋላ ነው የገባኝ። መስመሩ ተቋረጠ።

ታክሲ ውስጥ ስገባ ሰዓቱን ልፈታው እጄን ሰደድኩ። ከዚያ አሰብኩ። አሁን ከፈታሁት ሞንትሪያል ላይ የማዳሜ ልብ ቆመ ማለት ነው። ያቺ ልጅ ስልኳን እያየች ምን ትሆናለች? እጄን መለስኩ። ከዶራ እስከ ራስ ቤሩት የማዳሜን ልብ በራሴ ድንጋጤ እየመታሁላት ሄድኩ። ሹፌሩ «እህቴ፣ አሞሻል?» አለኝ። «እኔን አይደለም» አልኩት። ከዚያ በኋላ በመስታወቱ ብቻ ነበር የሚያየኝ።

ሕንፃው ደጃፍ ላይ አምቡላንስ ቆሟል። አሳንሰሩ እንደቆመ ነው። ስድስቱን ፎቅ በአንድ ትንፋሽ ወጣሁት። በሩ ተከፍቷል፣ የሕንፃው ዘበኛ ቆሟል፣ አንድ ወጣት የአምቡላንስ ሠራተኛ ማዳሜ እግር ሥር ተንበርክኮ እጇን ይዟል፣ ማዳሜ ደግሞ በቤት ልብሷ ሶፋው ላይ ተቀምጣ ሐብሐብ በሹካ ይዛ ትቆጣለች። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ቆሞ ሪማ በምስሉ ታለቅሳለች።

«ሞተሻል ይሉኛል!» አለች ማዳሜ እንዳየችኝ። «እንቅልፍ ተኝቼ በር ሰብረው ገብተው ሞተሻል ይሉኛል!»

«ሰባ አራት ነው» አለ ልጁ እጇን እንደያዘ። «ልቧ ሰላም ነው።»

«መቶ ሰማንያ ነው!» ጮኸች ሪማ። «እዚህ እያየሁት ነው፣ መቶ ሰማንያ አንድ!»

ልጁ ማዳሜን አየ። ስልኩን አየ። ከዚያ በሩ ላይ ቆሜ እንደ ሽሮ ድስት የምንተከተከውን እኔን አየኝ። እጄን ከጀርባዬ ደበቅኩ። እሱ ግን ቀስ ብሎ ተነስቶ መጣ፣ እጄን ከኋላዬ አወጣው፣ ሰዓቱን አየ፣ ወደ ስልኩም ዞሮ በጣም በጨዋ ድምፅ፣

«ማዳም፣ አትጨነቂ። ልቡ ተገኝቷል» አለ።

 ዘበኛው እጄን ለማየት ተጠጋ። ሪማ ፊቷን ወደ ስልኩ አስጠጋች።

«ከመጀመሪያው ጀምሮ ነው?»

«ከአምስተኛው ኳስ ጀምሮ» አለች ማዳሜ። መምህርት ናት፣ ልክ ያልሆነ ነገር አትናገርም።

«ማማ፣ ሦስት ወር ሙሉ ጠዋት ስነሳ ስልኬ ላይ መጀመሪያ አይቼ የምስመው ልብሽን ነበር። ደህና ናት ብዬ ነበር ወደ ሥራ የምሄደው። የቤላን ልብ ነው እንዴ ስስም የነበረው?»

 እኔ የልቡ ባለቤት ሰዓቱን ከእጄ ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

«ኸላስ» አለች ሪማ እንባዋን ጠርጋ። «ትኬት እቆርጣለሁ። መጥቼ እወስድሻለሁ፣ ቤቱም ይዘጋል።»

ሻንጣዬ ቁም ሳጥኑ ላይ የት ጋ እንዳለ፣ ዚፑም እንደተበላሸ ትዝ አለኝ። ማዳሜ ሐብሐቧን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች፣ አፏን ጠረገች።

«አልሄድም» አለች።

«ማማ…»

«አልሄድም አልኩሽ። በረዶ አልፈልግም። አባትሽ የተቀበረው እዚህ ነው። ባለ ሱቁ ስሜን የሚያውቀው እዚህ ነው። ቤላ ያለችው እዚህ ነው። ብታመምም እዚሁ ልታመም።»

 «ይህን ለምን መጀመሪያ አልነገርሽኝም?» አለች ሪማ።

«መቼ ጠየቅሽኝ?» አለች ማዳሜ። «ሰዓት ነው የላክሽልኝ።»

ሪማ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥሎ ሳቀች፣ ከዚያ ሁለቱን ባንድ ላይ አደረገች። እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ በሩን ተደግፌ ንዴት ያዘኝ። ይቺን አንዲት ቃል ላለመናገር ነው ሦስት ወር ሙሉ ከግድግዳ ጋር ያጋጠመችኝ? «አልሄድም» ለማለት ነጭ ጫማ ያስፈልጋል? ግን ማንም በማንም ላይ የሚናደድበት ጊዜ አልነበረም፤ ልጁ መሣሪያውን አውጥቶ የማዳሜን የደም ግፊት ለክቶ ከሐኪሙ አሮጌ ወረቀት ጋር እያስተያየ ነበር።

«በጣም ወርዷል» አለ ተገርሞ። «ማዳም፣ ምን እየሠራሽ ነው?»

«ቴኒስ» አለች ማዳሜ አንገቷን ቀና አድርጋ።

ዘበኛው አየኝ፣ እኔም ዘበኛውን አየሁት፣ ማንም አልተቃወመም። ከምን እንደወረደ እስከ ዛሬ አላውቅም። ከኳስ ለቀማው ይሁን፣ ከጨው ቅነሳው፣ እኔን ከመሳደቡ፣ ወይስ ከኋላዋ ከቆምኩት ከእኔ በመጋባት። ልጁ ለጨዋነት ያህል የእኔንም ለካው። «ያንቺ ትንሽ ከፍ ብሏል፣ ስፖርት ብትጀምሪ ጥሩ ነው» ብሎኝ ወረደ።

ስምምነቱ በዚያው ቀን በስልክ ተፈጸመ። ማዳሜ አትሄድም፤ ኢቃማዬም በስሟ ለሌላ ዓመት ይታደሳል። ሰዓቱ ግን ከዛሬ ጀምሮ የሚታሰረው በማዳሜ እጅ ላይ ነው፣ የምትጫወተውም ራሷ ናት። ሪማ «ቁጥሩ ቢያንስም ያንቺ ይሁን» አለቻት። በሚቀጥለው የቴኒስ ቀን ክበቡ ደርሰን እኔ ወደ መኪና ማቆሚያው ልሄድ ስዘጋጅ ጸሐፊው «አሰልጣኝ፣ ዛሬ አረፈድሽ» ብሎ በሩን ከፈተልኝ። ለእሱ ማንም ምንም አልነገረውም።

እንግዲህ አሰልጥኚ። ቴኒስ ማስተማር ከየት ልወቅ? ማዳሜ ራኬቱን እንደ ጃንጥላ ይዛ ቆማለች፣ ኳሷ ትመጣለች፣ ኳሷ ታልፋለች። ብዙ ካሰብኩ በኋላ የማውቀውን አንድ ነገር አመጣሁ።

«ማዳም፣ ምንጣፉ በረንዳው ላይ ተሰቅሏል በዪ። አቧራ ጠጥቷል። በይ ምቺው።»

«ምንጣፍ መትቼ አላውቅም እኮ» አለች።

እውነቷን ነው። አሳየኋት። እግርን ከፈት፣ ወገብን ዞር፣ ክንድን ከኋላ አምጥቶ ጧ! ሦስተኛዋ ኳስ መረቡን ተሻገረች፤ ማዳሜ ከሠርጓ ወዲህ እንደዚያ ስትጮህ የሰማት ያለ አይመስለኝም። ከላይ ለምትመጣው ኳስ የሳሎኑን መስታወት የላይኛውን ጥግ እንደመወልወል አልኳት። ከታች ለምትመጣው አልጋ ሥር እንደመጥረግ። ሁሉም ሠራ።

ከጎናችን ሜዳ የምትጫወት ማዳም ክሎድ የምትባል ሴት አለች፤ ጉልበቷን የሚያማት፣ ሦስት አሰልጣኝ የቀያየረች። መጥታ አጥሩን ይዛ ተመለከተችን።

«ቦንዡር ኖሃ፣ ይሄ ምን ዓይነት አሠራር ነው?»

«የኢትዮጵያ ዘዴ ነው» አለች ማዳሜ ሳትዞር። «እንደዚህ ነው የሚያሸንፉት።»

አሁን ስድስት ናቸው። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት፣ ስድስት ነጭ የለበሱ እመቤቶች በመስመር ቆመው፣ እኔ «ምንጣፉን!» ስል ምንጣፍ ይመታሉ፣ «መስታወቱን!» ስል መስታወት ይወለውላሉ፣ «አልጋ ሥር!» ስል እስከ መሬት ያጎነብሳሉ። ያልባቸዋል። ይስቃሉ። «ወገባችን ተፈታ፣ እንቅልፍ ወሰደን፣ ሜርሲ ቤላ» ይሉኛል። ሌሎች እመቤቶችም እዚህ ውስጥ ለመግባት ተሰልፈዋል። ሠራተኞቻቸው መኪና ማቆሚያው ጋ ጥላው ሥር ተቀምጠው በሽቦው በኩል ይመለከታሉ። አንዷ የጅማ ልጅ ናት፤ ባለፈው ሳምንት ማዳሟ መስታወቱን በዚያ ወኔ ስትወለውል አይታ ሎሚናዳዋ ትን ብሏት ጓደኞቿ ጀርባዋን መቱላት።

ቴኒስ ለጤና ጥሩ ነው ወይ ብላችሁ ከጠየቃችሁኝ ጥሩ ነው እላለሁ፤ ማዳም ክሎድ ጉልበቷን ረስታዋለች። የበለጠውን ግን ሐኪም ጠይቁ፣ እኔ አሰልጣኝ ብቻ ነኝ።

ይልቅ አንድ ልመና አለኝ። ያነበባችሁትን ለማንም አትንገሩ፤ ራስ ቤሩት ዘመድ ላለው ሰው በተለይ አትንገሩ። እነዚህ ሴቶች የሚያደርጉት ነገር ቤት ማጽዳት መሆኑን የደረሱበት ዕለት ራኬቱን አስቀምጠው ሥራውን ለእኛ ይመልሱልናል።